እንኳንም ተሸነፍን ለማለት ስንት ዓመት ይፈጃል?

ምርጫ የተሸነፈ ፓርቲ ደጋፊዎች በማግስቱ የሚሉት ነገር የትም አገር ያው ነው፣ «እንኳንም ተሸነፍን፣ የሚመጣውን ጣጣ እነሱ ይቻሉት»። ስትሰሙት መፅናኛ ነው የሚመስለው፣ አብዛኛውን ጊዜም መፅናኛ ነው፣ ሌሊቱን በንዴት ሲገላበጥ ያደረ ሰው ጠዋት ተነስቶ ሌላ ምን ይበል። አንዳንዴ ግን ነገርየው እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ያን ምርጫ አሸንፈውት ቢሆን ኖሮ ፓርቲው ዛሬ ስሙን የሚያነሳው አይኖርም ነበር የሚያስብል። እኔ ይሄን ነገር ትንሽ ቆፈር ቆፈር ሳደርገው ያየሁት ጥቅሙ ሲመጣ የሚመጣው ከሽንፈቱ ውስጥ ሳይሆን አሸናፊው ላይ ከወደቀው መከራ ነው፣ እሱንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሰብስቦ የሚበላው የተሸነፈው ሰውዬ ሳይሆን ከሱ በኋላ የመጣው ነው። ምሳሌዎቹን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በኛ ላድርገው ብዬ ጀምሬ ራሴም ግራ ገባኝ)።

ከሁሉም የሚጥመኝ የእንግሊዙ ነው። ኤፕሪል 9፣ 1992 በተካሄደው ምርጫ ኮንሰርቫቲቮች 13 ዓመት ገዝተው ሰው ሰልችቷቸዋል፣ ኢኮኖሚው ተኮማትሮ ሪሴሽን ውስጥ ነው፣ ሌበር ፓርቲ በቃ አሁን ተራው ደረሰ ተብሎ ሲጠበቅ የኮንሰርቫቲቮቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር 336 ወንበር እና ከ14 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ይዞ አሸነፈ፣ በዛች አገር እስከዛ ቀን ድረስ የትኛውም ፓርቲ አግኝቶት የማያውቀው ድምፅ ነው። ሌበር በተከታታይ ለአራተኛ ጊዜ ተሸነፈ፣ መሪው ኒል ኪኖክ ወዲያው እለቃለሁ አለ፣ የዛን ሰሞን ወሬው ሁሉ ይሄ ፓርቲ ከእንግዲህ መንግስት መሆን ይችላል ወይ የሚል ነበር።

ከዛ አምስት ወር አለፈና ሴፕቴምበር 16 መጣ፣ ረቡዕ ነው። ፓውንድ በዛን ጊዜ በአውሮፓ የምንዛሪ ስርዓት ውስጥ ከጀርመን ማርክ ጋር ታስሮ ነበር፣ መንግስት ከዚህ ዋጋ በታች አይወርድም ብሎ ቃል ገብቷል፣ ገበያው ደሞ ቃሉን መጠበቅ እንደማይችል ነቅቶበታል። እነ ጆርጅ ሶሮስ ያሉ የገንዘብ ነጋዴዎች ፓውንድ ይሸጣሉ፣ የእንግሊዝ ባንክ ይገዛል፣ እነሱ ይሸጣሉ፣ ባንኩ ይገዛል፣ እንደዛ ሲባባል ረፋድ ላይ ወለድ ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አለ ተባለ፣ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም፣ ከሰዓት ደሞ ነገ 15 ይገባል ተባለ፣ እሱንም የሰማው የለም። ማታ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኖርማን ላሞንት ወጥቶ ካሜራ ፊት ቆመና ከስርዓቱ ወጥተናል አለ። አለቀ። 15ቱ ሳይጀመር ተሰረዘ፣ ሶሮስ በ1 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ትርፍ ይዞ ሄደ፣ መንግስት ደሞ በኋላ በራሱ ሂሳብ 3.3 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደከሰረ ታወቀ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ ሌበርም እኮ ያን ስርዓት ይደግፍ ነበር! ኪኖክ ኤፕሪል ላይ ቢያሸንፍ ኖሮ ያቺ ረቡዕ የምትመጣው እሱ ላይ ነበር፣ ያውም በ1949 እና በ1967 ፓውንድን ዋጋ ያሳጣው የሌበር መንግስት ስለነበረ «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ መያዝ አይችሉም» የሚለው ወሬ ማህተም ተመትቶበት ያርፍ ነበር። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይሄ ነው፣ ልዩነቱ ሜጀር በር ላይ መውደቁ ብቻ። ደሞ የሚያስቀው፣ ከዛች ረቡዕ በኋላ ወለድ ወረደ፣ ፓውንድ ረከሰ፣ ኢኮኖሚው ተነቃነቀ፣ በ1997 አገሪቷ ደህና ላይ ነበረች፣ ግን ለኮንሰርቫቲቮች አመሰግናለሁ ያላቸው የለም፣ መራጩ ፋይሉን ዘግቶታል። ሜይ 1፣ 1997 ሌበር 418 ወንበር ወሰደ፣ እነሱ 165 ላይ ቀሩ፣ ቶኒ ብሌር ሌላው ያስተካከለውን ኢኮኖሚ ተረክቦ ፓርቲው 13 ዓመት ገዛ።

መራጭ እንግዲህ እንደዚህ ነው፣ ማን አመጣው ብሎ አይመረምርም፣ ወንበሩ ላይ ማን አለ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጃፓንን ብታዩ ይሄ ነገር ከፍትህ ጋር ምንም እንደማይገናኝ ይገባችኋል። ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ አገሪቷን ከ1955 ጀምሮ ትንሽ ጊዜ ብቻ ተነጥቆ ነው የገዛው፣ የኒውክሌር ጣቢያዎቹን የሰራው፣ ቁጥጥሩንም ያላላው የሱ ዘመን ነው። በ2009 ተሸነፈ፣ ከ480 ወንበር 119 ብቻ ይዞ ወጣ፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የሚባለው 308 ይዞ ገባ። ማርች 11፣ 2011 የመሬት መንቀጥቀጡ እና ሱናሚው መጣ፣ ፉኩሺማ ፈነዳ። ቴሌቪዥን ላይ ሰማያዊ የስራ ልብስ ለብሰው ሲያብራሩ የነበሩት፣ ሲሰደቡም የነበሩት አዲሶቹ ናቸው። ሶስት ዓመት ውስጥ ሶስት ጠቅላይ ሚኒስትር ቀያየሩ፣ ላይሆን ነገር የሽያጭ ታክስ እንጨምራለን ብለው ህግ አወጡ፣ ዲሴምበር 2012 ላይ 57 ወንበር ቀራቸው፣ አሮጌው ፓርቲ በሺንዞ አቤ መሪነት 294 ይዞ ተመለሰ። ሶስት ዓመት ተኩል ባልሞላ ጊዜ! በነዛ ዓመታት ውስጥ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላደረገም፣ ቁጭ ብሎ ነው የጠበቀው።

ግሪክ ላይ ደሞ ይብሳል። ፓሶክ የሚባለው ፓርቲ በ2009 በ43.9 በመቶ አሸነፈ፣ ጆርጅ ፓፓንድሬኡ ካምፔይን ላይ «ገንዘብ አለ» ሲል ነበር፣ ቢሮ ገብቶ ደብተሩን ሲገልጠው የበጀት ጉድለቱ ከተነገረው በእጥፍ ይበልጣል። ያን ደብተር ያበላሸው የተሸነፈው ኒው ዴሞክራሲ የሚባለው ፓርቲ ነው፣ ከ2004 ጀምሮ ሲገዛ የነበረው እሱ ነው (ፓሶክም ከዛ በፊት ንፁህ አልነበረም፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው)። በ2010 የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር የፈረመው፣ ጡረታ የቆረጠው፣ ደሞዝ የቀነሰው ግን ፓሶክ ነው። በ2015 መጀመሪያ 4.7 በመቶ ላይ ደርሶ ነበር። ኒው ዴሞክራሲ? በ2012 ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ፣ በ2019 እንደገና ተመለሰ።

ጋና እና ዛምቢያም ያው መንገድ ነው የሄዱት። የጋና የቀድሞ ፕሬዝዳንት ጆን ማሃማ በ2020 ለጥቂት ተሸነፈ፣ 47.4 በመቶ ነበር ያገኘው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ዲሴምበር 2022 ላይ ጋና የውጪ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፣ ኢንፍሌሽኑ (የዋጋ ንረቱ) 54 በመቶ ገባ፣ በ2024 ማሃማ ከ56 በመቶ በላይ አግኝቶ ተመለሰ። ሃካይንዴ ሂቺሌማ በ2016 ዛምቢያ ላይ በ100 ሺ ድምፅ ገደማ ተሸነፈ፣ በ2020 አገሪቷ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፣ በ2021 በ1 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጦ አሸነፈ። በ2016 ለጥቂት አልፎ ቢሆን ኖሮ ብድሩ ቀድሞ ስለተበላ ምናልባት መክፈል የሚያቅተው እሱን ነበር።

እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ፓርቲዎች አስበውበት ለምን አይሸነፉም? ልትሉኝ ትችላላችሁ። መልሱ ቀላል ነው፣ ዕዳው መቼ እንደሚፈነዳ፣ ማን ላይ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በ2010 እንግሊዝ ውስጥ የማእከላዊ ባንኩ ገዢ ሜርቪን ኪንግ ይሄን ምርጫ የሚያሸንፍ ሰው በሚያመጣው የበጀት ቅነሳ ምክንያት ለአንድ ትውልድ ከስልጣን ይባረራል ብሎ ለአንድ ኢኮኖሚስት አጫውቷል ተብሎ ተዘግቦ ነበር። የሱን ያህል ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው በአገሪቷ አልነበረም። ምን ሆነ? ኮንሰርቫቲቮች ገቡ፣ ቅነሳውን አደረጉት፣ 14 ዓመት ቆዩ። የተባለው ቅጣት መጥቷል፣ ግን አብሯቸው ጥምር መንግስት የገባው ሊበራል ዴሞክራት ላይ ነው የወረደው፣ ከ57 ወንበር በ2015 ወደ 8 ወረደ። እንኳንም ተሸነፍን የሚለው ሌበር ደሞ እነዛን 14 ዓመታት በሙሉ ተቃዋሚ ሆኖ አሳለፋቸው። ስለዚህ የሽንፈት ጥቅም ሎተሪ ነው፣ እኛ የምናወራው ደሞ የደረሳቸውን ብቻ ነው።

ሌላው፣ ሁሉም ሰው «ሽንፈት ያስተምራል» ይላል፣ እኔ እዚህ ላይ ብዙም አልስማማም። ማለቴ ያስተምራል፣ ግን መጀመሪያ የሚያስተምረው የተሳሳተውን ትምህርት ነው። ፓርቲ ሲሸነፍ ማን ነው የሚሄደው? ልክ ነን አይደለንም ብሎ ይጠራጠር የነበረው ነው የሚሄደው፣ ስራ ፈልጎ የገባው ይሄዳል፣ የገንዘብ ምንጩ ይደርቃል፣ በስብሰባ ላይ የሚቀረው የማይበገረው ነው፣ እሱ ደሞ የሚለው «የተሸነፍነው በበቂ ሁኔታ ራሳችንን ስላልሆንን ነው»። ሌበር በ1979 ሲሸነፍ ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ የበለጠ ወደ ግራ ሄደ፣ ከፊሎቹ ተገንጥለው ሌላ ፓርቲ አቋቋሙ፣ በ1983 27.6 በመቶ አገኘ፣ የተገንጣዮቹ ጥምረት 25.4፣ ለትንሽ ሶስተኛ ከመሆን ተረፈ። ከዛ በኋላ ነው ኪኖክ ገብቶ ፓርቲውን እያንዳንዷን ነገር እየታገለ መቀየር የጀመረው፣ ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት፣ ስሙ ብሌር የሚባል ሰው ነው የጨረሰው።

የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶችም በ1957 ቻንስለሩ አዴናወር ከግማሽ በላይ ድምፅ ጠራርጎ ሲወስድባቸው ነው ተቀምጠው ያሰቡት፣ በ1959 ጎደስበርግ ላይ ማርክሲዝሙን ከፕሮግራማቸው አወጡት፣ ቪሊ ብራንት ቻንስለር የሆነው 1969 ነው። ከትምህርቱ እስከ ፍሬው አስር ዓመት። አስር ዓመት የሚታገስ የፓርቲ አባል ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

አሜሪካ ላይ ግን ተቃራኒው ሆኗል፣ ይሄ ነው ነገሩን የሚያወሳስበው። ባሪ ጎልድዋተር በ1964 ከ50 ግዛት 6 ብቻ ነው ያሸነፈው፣ የማይበገሩት የመረጡት እጩ ነበር፣ ሪፐብሊካን አበቃለት ተባለ። ያ ካምፔይን ግን በአገሪቷ ዙሪያ በጎ ፈቃደኛ አደራጅቶ፣ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡ ሰዎችን አድራሻ ሰብስቦ ነው ያለፈው፣ ደሞ ለጎልድዋተር ብሎ ቴሌቪዥን ላይ ንግግር ያደረገ ሮናልድ ሬገን የሚባል የፊልም ተዋናይ ነበረ፣ ሰው ንግግሩን ከእጩው በላይ ወደደው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የካሊፎርኒያ ገዢ ሆነ፣ በ1980 ፕሬዝዳንት። ከ1964 በኋላ ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት የፕሬዝዳንት ምርጫዎች ሪፐብሊካኖች አምስቱን ወሰዱ። አንዷን ብቻ፣ የ1976ቷን፣ ሪፐብሊካኑ ፎርድ ለዴሞክራቱ ካርተር ተሸነፈ፣ እሷም በተራዋ የነዳጅ ቀውሱን፣ ኢንፍሌሽኑን እና ቴህራን የነበሩትን የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የ444 ቀን እገታ ካርተር ላይ ጭና ለሬገን በሩን ከፈተችለት። እንግዲህ ሽንፈት ውስጥ ሽንፈት በሉት።

ህንድ ውስጥ ቢጄፒ የሚባለው ፓርቲ በ1984 ሁለት ወንበር ነበረው። ሁለት! በ2014 282። ይሄን የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ከዚሁ ጋር መጥቀስ ያለባቸው ተሸንፈው እዛው የቀሩትን ነው። የካናዳ ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ መንግስት ሆኖ ምርጫ ገብቶ በ1993 በሁለት ወንበር ወጣ፣ ያው ሁለት ነው፣ እሱ ግን አስር ዓመት ሲያጣጥር ቆይቶ በ2003 ከሌላ ፓርቲ ጋር ተዋህዶ ስሙ ቀረ። የዛምቢያው ዩኒፕ ከነፃነት ጀምሮ 27 ዓመት ገዝቶ በ1991 ተሸነፈ፣ ዛሬ ታሪክ መፅሀፍ ላይ ነው ያለው። የኬንያው ካኑም ከ2002 በኋላ ወደነበረበት አልተመለሰም። የወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ፣ ስልጣን ብቻ ያያያዘው ፓርቲ ስልጣኑ ሲሄድ የሚይዘው ነገር የለም፣ ቢጄፒ ግን ከስሩ ከምርጫ ጋር የማይፈርስ ድርጅት ነበረው።

አሁን በቅርቡ የተጨመረ ሌላ ጣጣ ደሞ አለ፣ ተሸናፊው ወረፋው ላይ ብቻውን ላይሆን ይችላል። ጁላይ 2024 ላይ የእንግሊዝ ኮንሰርቫቲቮች 121 ወንበር ይዘው ተባረሩ፣ ሌበር በ33.7 በመቶ ድምፅ ብቻ 411 ወሰደ። ወዲያው የአዛውንቶችን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ቆረጠ፣ ሰው ተቆጣ፣ በድሮው ስሌት ቢሆን ኮንሰርቫቲቮች እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ ነበረባቸው። ግን ሜይ 2025 የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ ከ600 በላይ ወንበር የለቀመው ሪፎርም የሚባለው የናይጀል ፋራጅ ፓርቲ ነው፣ ኮንሰርቫቲቮች ጭራሽ የነበራቸውንም አጡ። አሸናፊው ተሰናክሏል፣ ፍሬው ወድቋል፣ ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ሁለት ትልልቅ ፓርቲ ብቻ በሚፈራረቁበት አገር የሚሰራ ሂሳብ ሶስተኛ ሲገባ አይሰራም።

ደሞ በመሀል ያለው ጊዜ በነፃ አይደለም። የአሜሪካ ዴሞክራቶች በ2016 ተሸንፈው በ2018 የተወካዮች ምክር ቤቱን፣ በ2020 ፕሬዝዳንቱን መለሱ፣ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው፣ ግን በነዛ አራት ዓመታት ትራምፕ ሶስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሾመ፣ ዳኞቹ ለዕድሜ ልክ ናቸው፣ ጁን 2022 ላይ ባይደን ዋይት ሀውስ ቁጭ ብሎ እያለ 50 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የፅንስ ማቋረጥ መብት ተሻረ። ምርጫ ይመለሳል፣ ዳኛ አይመለስም። የሚገርመው በዛው ወር ነው ኢንፍሌሽን 9.1 በመቶ የነካው፣ በ2020 የተሸነፈው ትራምፕ ያቺን ቁጥር ይዞ በ2024 ተመለሰ። ያ ዙር እሱ ላይ ቢውል ኖሮ የዋጋ ንረቱ ስም የሱ ይሆን ነበር።

ይሄ ሁሉ ወሬ ግን የሚሰራው ተሸንፎ ቤት መግባት በሚቻልበት አገር ነው። ሂቺሌማን አመሰገንኩት እንጂ በ2016 ከተሸነፈ በኋላ በ2017 ለፕሬዝዳንቱ አጀብ መንገድ አለቀቀም ተብሎ በሀገር ክህደት ተከሶ አራት ወር ታስሯል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንለው እኮ ስልጣንን አንዴ ከወረዱ የማይመለሱበት ነገር ስለምናደርገው ነው፣ ሰው እንደዛ የሚያስብ ከሆነ ለአስር ዓመት ተቃዋሚ ሆኖ መቀመጥ ፓርቲውን ይጠቅማል ብትሉት ይስቅባችኋል፣ እውነቱንም ነው። ለመሸነፍ የሚፈቅደው ነገ ደግሞ ምርጫ እንዳለ የሚያውቅ ነው።

የተሸነፈው ሰውዬ ብዙ ጊዜ አይጠቀምም ያልኩትን ደሞ አውስትራሊያ ትነግራችኋለች። በ1993 የሊበራሎቹ መሪ ጆን ሂውሰን ሊሸነፍ የማይችል ምርጫ ነው የገባው፣ ስራ አጥነቱ ከ10 በመቶ በላይ ነበር። ሰውዬው የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የነበረ ነው፣ 15 በመቶ አጠቃላይ የፍጆታ ታክስ አመጣለሁ ብሎ በግልፅ ተወዳደረ። ምርጫው አስር ቀን ሲቀረው አንድ ጋዜጠኛ ቴሌቪዥን ላይ የልደት ኬክ ብገዛ ዋጋው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ብሎ ጠየቀው። ሂውሰን ኬኩ ምን ዓይነት ነው፣ ማስዋቢያ አለው ወይ፣ ድሮ የሽያጭ ታክስ ይከፈልበት ነበር ወይ እያለ ገባበት፣ መልሱ በሂሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ኬክ የሚያወሳስብ ሰው አገር ይይዛል ወይ ነው። ተሸነፈ። ያሸነፈው የሌበር ጠቅላይ ሚኒስትር ኪቲንግ ቃል የገባውን የታክስ ቅናሽ በሙሉ ማድረስ አቅቶት የመራጩን ቂም ተሸክሞ ሶስት ዓመት ገዛ፣ በ1996 ሊበራሎቹ በጆን ሃዋርድ መሪነት ጠራርገውት ገቡ፣ ከ11 ዓመት በላይም ቆዩ።

ሃዋርድ ያን ታክስ መቼም አላመጣም ብሎ ነበር። በ1998 ሀሳቡን ቀይሮ በ10 በመቶ አድርጎ ተወዳደረበት፣ ለጥቂት አለፈ፣ ጁላይ 1፣ 2000 ስራ ላይ ዋለ፣ እስከዛሬም አለ። ሂውሰን የመሪነቱን ቦታ ያጣው ገና 1994 ላይ ነው፣ ታክሱ ሲጀመር ፓርላማ ውስጥም አልነበረም።